ብርጭቆውን የመታሁበት ቀን፤ ለወጣት መሐንዲሶች

ባለፈው ወር በመሐንዲሶች ክበባችን የምሳ ስብሰባ ላይ ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት አንዲት ወጣት መሐንዲስ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እንግዳው ንግግራቸውን ጨርሰው ሰው መነሣት ሲጀምር ወደ እኔ ዞር አለችና፣ «ጋሼ፣ ንግግሩ ተቀድቶ ለሁላችንም የሚላክልን ከሆነ ምሳው ለምን ያስፈልጋል? ዋናው ነገር እኮ በሃያ ደቂቃ ያልቃል» አለችኝ። በንቀት የተጠየቀ ጥያቄ አልነበረም፤ ሥራዋን ጥላ መጥታለች፣ ሥራዋም እየጠበቃት ነው። ቀልድ ቢጤ መልሼላት ተለያየን። ቤቴ ገብቼ ግን «ዋናው ነገር» ያለችው ቃል እንቅልፍ ነሣኝ፤ ምክንያቱም የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ እኔም በዚያው ቃል አምኜ፣ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝን ነገር አድርጌያለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእርሷ ነው፤ የዕድሜ እኩዮቿ ብታነቡት ግን አይከፋኝም።

በዚያን ጊዜ 29 ዓመቴ ነበር፤ የክበቡ የፕሮግራም ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥሁ መንፈቅ አልሞላኝም። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊዎች ለሰዓት ግድ አልነበራቸውም። ለስድስት ሰዓት ተኩል የተጠራ ምሳ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲጎተት፣ አለቆቻቸውን የሚፈሩ ወጣቶች ከንግግሩ መካከል እየተነሡ በጎን በር ሲሾልኩ አይ ነበር። እኔ ይህን ላስተካክል ቆርጬ ተነሣሁ። ለምግቡ ግማሽ ሰዓት፣ ለንግግሩ 25 ደቂቃ፣ ለጥያቄ 5 ደቂቃ መደብሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስም ብርጭቆ በማንኪያ መምታት ጀመርሁ። ሊቀመንበራችን በዚህ እጅግ ተደሰቱ፤ እኔም በራሴ ተደሰትሁ። ለጥያቄ የተረፈው 5 ደቂቃ ብቻ መሆኑ ቅር ያለው ሰው መኖሩን አላስታውስም።

የዚያ ወር እንግዳ በጡረታ ላይ ያሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ የግንባታ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበሩ። የንግግራቸው ርእስ «ስለ ድጋፍ ግንቦች አንዳንድ ትዝታዎች» የሚል ነበር፤ ብዙ ሰው አይመጣም ብዬ ስለገመትሁ ወንበር ሳስደረድር እንኳ ቀንሼ ነበር። ስላይዶቻቸውን በጫማ ካርቶን ደርድረው፣ ካርቶኑን በሲባጎ አሥረው፣ በብብታቸው ይዘው ገቡ። ምግቡን እምብዛም አልነኩትም። ንግግራቸውን እንደጀመሩ ሦስተኛው ስላይድ ጠርዙ ተላጦ ስለነበር ፕሮጀክተሩ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ፤ በእስክርቢቶ ጫፍ ፈልቅቀን እስክናወጣው ድረስ 8 ደቂቃ አለፈ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሰውዬው አይቸኩሉም። አንድ ዓመት ሙሉ የቅየሳ ችካል ስላሸከማቸው የመጀመሪያ አለቃቸው፣ ድንጋይን በመዶሻ መታ አድርጎ በድምፁ ስንጥቁን ስለሚያውቅ አንድ ግንበኛ፣ ሌሊት በፋኖስ ስለተፈተሸ መሠረት ያወራሉ። ሰው ሲያዳምጥ አይ ነበር፤ እኔ ግን የማየው ሰዓቴን ነው።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ የመነጽራቸውን አንድ ጆሮ አስተካከሉና፣ «እንግዲህ አሁን ወደዚያ ግንብ ልምጣ። ብዙ ሰው የጣለው ዝናቡ ነው ይላል። እኔ ግን ሊወድቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው በዓይኔ ያየሁት ነገር አለ» አሉ። ብርጭቆውን መታሁት። የፕሮጀክተሩን ማዞሪያ የያዘው እጃቸው ባለበት ቆመ፤ ወደ እኔ ተመለከቱ፣ ፈገግ አሉና፣ «ልክ ነህ ልጄ፤ ሥራ አላችሁ» ብለው ተቀመጡ። ተጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

እስካሁን የነገርኋችሁ የቸልታ ታሪክ ነው፤ ቸልታ ደግሞ በማንም ላይ ይደርሳል። የሚቆረቁረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሽማግሌው ካርቶናቸውን መልሰው ለማሠር እየሞከሩ ነበር፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሲባጎው አልያዝ አላቸው። ሄድሁና ካርቶኑን እኔ አሠርሁላቸው። ጎን ለጎን ቆመን፣ ጣቴ ቋጠሮው ላይ ሆኖ፣ «ለመሆኑ ያዩት ምን ነበር?» ብዬ መጠየቅ ይገባኝ እንደነበር በዚያችው ደቂቃ አውቄዋለሁ፤ ጥያቄውም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከጠየቅኋቸው ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው እንዳይጀምሩልኝ ፈራሁ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ተመልሼ የሠራሁት አስቸኳይ ሥራ ምን እንደነበረ ዛሬ ባስታውሰው ደስ ባለኝ።

ከስድስት ዓመት በኋላ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ሆኜ ተመደብሁ። ከመንገዱ በላይ ያለውን አፈር የሚደግፍ፣ ቁመቱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 40 ሜትር የሚሆን የድንጋይ ግንብ ከእኔ በፊት ተሠርቶ አልቆ ነበር። ዝናቡ ሦስት ሳምንት ያህል ያለ ፋታ ከጣለ በኋላ አንድ ማለዳ ከፎርማኑ ጋር ግንቡን ዞርን። ከጀርባ የሚጠራቀመውን ውኃ እንዲያወጡ በሁለት ረድፍ የተቀበሩትን ቧንቧዎች አፍ አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስሁ። ሁሉም ደረቅ ነበሩ። በሳይት መዝገቡ ላይ «የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ደረቅ ናቸው፤ ከግንቡ ጀርባ ውኃ የለም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ፎርማኑ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ «ኢንጂነር፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ዝናብ የት ገባ?» አለኝ። ከላይ ባለው ቦይ ፈስሶ ሄዷል ብዬ መለስሁለት። ቦዩን ግን ወጥቼ አላየሁትም።

በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ከግንቡ 12 ሜትር የሚሆነው ወደ መንገዱ ተደፋ። ሌሊት በመሆኑ ሰው አልተጎዳም፤ ከሥሩ ቆሞ ያደረ አንድ ኮምፕሬሰር ግን ከነጎማው ተቀበረ። ስንቆፍር ከቧንቧዎቹ ጀርባ በንድፉ የታዘዘው የጠጠር ማጣሪያ አልነበረም፤ ሸክላማው አፈር በቀጥታ ቧንቧዎቹ አፍ ላይ ተጠቅጥቆ ነበር። ሳይወድቅ ከቀረው ክፍል ላይ አንዱን ቧንቧ በብረት ዘንግ ወጋሁት፤ ጭቃው የቧንቧውን ቅርጽ እንደያዘ፣ የጠርሙስ ቡሽ መስሎ ወጣ፤ ከኋላው የተከተለው ውኃ እስከ ጉልበቴ አራሰኝ። ማጣሪያው የተዘለለው እኔ በቦታው ሳልኖር ነው፤ ነገር ግን ይህ፣ ቀዳዳውን ዳስሼ «ደረቅ ነው» ብዬ የፈረምሁትን ፊርማ አይሽርልኝም። ሽማግሌው ትዝ ያሉኝ ያን የጭቃ ቡሽ ይዤ እንደቆምሁ ነው። ፈልጌ ላገኛቸው ስነሣ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

የሲቪል ምሕንድስና ላልተማራችሁት ሒሳቡን ላሳያችሁ። ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንብ ከጀርባው ደኅና ውኃ የሚያሳልፍ አፈር ቢኖር፣ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ ላይ ወደ 5 ቶን የሚጠጋ ግፊት ይሸከማል። ያው አፈር እስከ አናቱ ውኃ ቢሞላ ግፊቱ ከ10 ቶን ይበልጣል። የአፈር ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚተሻሹ የክብደታቸውን ከፊል ራሳቸው ይይዙታል፤ ውኃ ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፣ ጥልቀቱ በሚሰጠው መጠን ወደ ጎን ይገፋል። ይህን ሒሳብ ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ፈተናም ላይ በትክክል ሠርቼዋለሁ። የማላውቀው ነገር፣ በዝናብ ወራት ደረቅ ሆኖ የተገኘ ቀዳዳ ከሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ይልቅ እንደሚያስፈራ ነበር። በእርግጥ ሽማግሌው ሊነግሩን የነበረው ይህንኑ ነው ብዬ ያን ጊዜ ለመማል አልችልም ነበር።

ምልክቱን ማየትና ምልክቱን መረዳት የተለያዩ መሆናቸውን በኋላ በሌላ ምሳ ላይ ስለ ካናዳው የኩቤክ ድልድይ ሲነገር ሰምቼ ከራሴ ታሪክ ጋር አገናኝቼዋለሁ። ያ ድልድይ በመሠራት ላይ ሳለ ነሐሴ መጨረሻ 1907 እ.ኤ.አ. ተደርምሶ 75 ሠራተኞች ሞቱ። የታችኛዎቹ ተሸካሚ ብረቶች መጉበጣቸውን በቦታው የነበሩት ሰዎች ከመደርመሱ በፊት ለክተው ያውቁ ነበር። ጠቡ ጉብጠቱ ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ነበር፤ ብረቱን ያቀረበው ወገን ከመተከሉ በፊትም ጎባጣ ነበር ይል ነበር። የቦታው መሐንዲስ ኒው ዮርክ ድረስ ተጉዞ ለዋናው አማካሪ በቃሉ ሲያስረዳ አማካሪው ወዲያው ገባቸው፤ ጭነት እንዳይጨመር የላኩት ቴሌግራም ግን ሥራውን ሳያስቆም ድልድዩ በዚያው ቀን ወደቀ። የእኔ ግንብ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የፎርማኑ ጥያቄና የእኔ መልስ ግን የዚያው ዘር ናቸው።

ወደ ተቀዳው ንግግር ልመለስ። እኔ ራሴ ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ቅጂዎቹን ቤቴ ሆኜ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ያልገባኝን ወደ ኋላ እየመለስሁ ነው የማዳምጠው፤ ስለዚህ ቅጂ አይጠቅምም ብል ሐሰተኛ እሆናለሁ። ንግግሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያቺ ልጅ ትክክል ነበረች። ነገር ግን ሰው ማይክራፎን ፊት ቆሞ የሚናገረው፣ በኋላ ሊጠየቅበት የማይፈራውን ነው። የዘለለውን ማጣሪያ፣ ሳያነብብ የፈረመውን ወረቀት፣ አለቃውን ፈርቶ ያልተናገረውን ነገር የሚያወራው ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው አንድ ሰው ነው። እናንተ ደግሞ በዚያች ሰዓት ስልካችሁን አንሥታችሁ የመጨረሻውን ስላይድ ፎቶግራፍ ታነሣላችሁ። እውነቱን ለመናገር ከእኛ ይልቅ እናንተ ደፋሮች ናችሁ፤ እኛ ታላላቆቻችንን ጥያቄ መጠየቅ እንደ ድፍረት ስለምንቆጥረው ስንቱን ነገር ሳንሰማ ቀረን። እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ የመልሱን መጨረሻ ለመስማት ግን ትዕግሥቱ የላችሁም።

በደኅና ጊዜ የተቀመጥሁባቸው ምሳዎችም አሉ። አንድ ጊዜ በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ሐምሌ 1981 እ.ኤ.አ. በአንድ ሆቴል ስለወደቁት የመተላለፊያ ድልድዮች የተናገሩ እንግዳ ነበሩን። በዚያ አደጋ 114 ሰዎች ሞተዋል። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱ ድልድዮች፣ የላይኛውም የታችኛውም፣ ከጣሪያው በሚወርዱ ያልተቆረጡ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ላይ ይንጠለጠሉ ነበር፤ ለሥራ እንዲመች ተብሎ ዘንጉ በሁለት ተከፈለና የታችኛው ድልድይ በላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። በንግግሩ ሰዓት ይህ አልገባኝም ነበር። በኋላ ጠረጴዛ ላይ ሳለን እንግዳው አንድ ክር ወስደው ሁለት ሹካዎችን በላዩ ላይ ለየብቻ አሠሩና አንጠለጠሉት፤ ከዚያ ክሩን ቆርጠው ሁለተኛውን ሹካ ከመጀመሪያው ሹካ ላይ አሠሩት። «አሁን የላይኛው ቋጠሮ የማንን ክብደት ይዟል?» ብለው ጠየቁኝ። የሁለቱንም ይዟል። የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ ሕጉ ከሚጠይቀው ጥንካሬ 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ይችል እንደነበርም የነገሩኝ እዚያው ነው፤ ስለዚህ «ለውጡ ባይደረግ ኖሮ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር» የሚለው ወሬ ሙሉ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። ያን ክር ያየሁ ቀን ከገባኝ በላይ በኋላ ብዙ ሪፖርት አንብቤ አልገባኝም።

ክበብ የሽማግሌዎች ነው የሚል ነገር ከእናንተ ወገን አልፎ አልፎ እሰማለሁ። በ1771 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተንና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ አብረው እየበሉ ስለ ሥራቸው የሚወያዩበትን ማኅበር ሲመሠርቱ በእርግጥ ስማቸው የታወቀ ሰዎች ነበሩ። በጥር 1818 እ.ኤ.አ. በዚያችው ከተማ በአንድ ቡና ቤት ተሰብስበው የሲቪል መሐንዲሶችን ተቋም የመሠረቱት ግን ስም ያላወጡ ወጣቶች ናቸው። ማኅበራቸው አልስፋፋ ሲላቸው በ1820 እ.ኤ.አ. ስመ ጥሩውን መሐንዲስ ቶማስ ቴልፎርድን ፕሬዚዳንት እንዲሆንላቸው ለመኑት፤ እርሱም እሺ አለ። ሽማግሌውን የጠሩት ወጣቶቹ ናቸው። እኛ ዘንድ ግን እንግዳ የሚመርጠው ኮሚቴ ከሃምሳ ዓመት በታች የሆነ አባል ካጣ ቆይቷል፤ በዚህ ደግሞ ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ጥሪ አድርገን የተመዘገበ ወጣት አልነበረም።

በሰዓት ኑ፣ ስልክ ዝጉ እያልሁ አልመክራችሁም፤ ይህን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችሁ ጋር አትቀመጡ፤ ከእነርሱ ጋር በየቀኑ ትበላላችሁ። በምትጋብዙት ሰው ረገድ ደግሞ ማዕረጉን አትዩ። የእኔን ግንብ ሊያድን ይችል የነበረው ጥያቄ የመጣው ከፎርማን ነው፤ ይሁንና በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ፎርማን በክበባችን እንግዳ ሆኖ ሲናገር አላየሁም። እኔም ጸሐፊ በነበርሁበት ጊዜ አልጋበዝሁም። ተናጋሪውን ስትጠይቁት «ከዚህ ምን ተማሩ?» አትበሉት፤ የተዘጋጀ መልስ ይሰጣችኋል። «ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ሳምንት ምን አይተው ነበር?» በሉት።

ሰዓትን በተመለከተ አቋሜ የጸና አይደለም። ንግግሩ በ20 ደቂቃ ይለቅ፣ ጥያቄው 30 ደቂቃ ይሰጠው ስል ለኮሚቴው ጽፌ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ሆኖም ባለፈው ዓመት አንድ እንግዳ ስለ ራሳቸው ሹመት አርባ ደቂቃ ሲናገሩ እጄ ማንኪያ ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ሲሄድ ራሴን ያዝሁት። የትኛው ሽማግሌ ወደ ግንቡ እየመጣ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ምንጊዜም እንደማይመጣ አስቀድሞ ለማወቅ እስከ ዛሬ ብልሃቱን አላገኘሁም።

የዚያች ልጅ ጥያቄ ከቀረበልኝ በኋላ በነበረው ሳምንት ወደ ክበቡ ሄጄ የመዛግብት ቁም ሣጥኑን አስከፈትሁ። የሽማግሌው ልጅ ከአባቷ ዕረፍት በኋላ ያን የጫማ ካርቶን ለክበቡ አስረክባ ነበር፤ እኔም መኖሩን እያወቅሁ እነዚህን ሁሉ ዓመታት አልነካሁትም። ሲባጎው ላይ ያለው ቋጠሮ የእኔ ይሁን የሌላ ሰው መለየት አልቻልሁም። ፕሮጀክተሩ ከተሰናበተ ስለቆየ ስላይዶቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሣሁ አየኋቸው። ጠርዙ የተላጠው ሦስተኛው ስላይድ አለ፤ ችካሎቹ አሉ፤ ፋኖሱ አለ። ከ23ኛው ጀምሮ ያሉትን አዳራሹ ውስጥ ማንም አላያቸውም። 23ኛው አናቱ በዝናብ የጠቆረ የድንጋይ ግንብ ነው። እጅጌው የተጠቀለለ የአንድ ሰው ክንድ ይታያል፤ አመልካች ጣቱን ማፍሰሻው ቀዳዳ ውስጥ ካስገባ በኋላ አውጥቶ ለካሜራው አሳይቷል፤ ጣቱ ላይ ጥቂት አቧራ አለ እንጂ እርጥበት የለበትም። በስላይዱ የካርቶን ጠርዝ ላይ ሽማግሌው ንግግራቸውን ሲያዘጋጁ ለራሳቸው በእርሳስ የጻፉት ማስታወሻ ነበር፤ «እዚህ ላይ ቀስ በል» ይላል።